ተመላሽ ሻንጣ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዶክተር ኣምደሚካኤል ዛሬ ክፍል እንደገባ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና «አሁን ስለ እኔ ያላችሁ ግምት ምን ተለወጠ?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ሥልጣን አሉ፣ መደብ አሉ፣ ማንነት አሉ። እኔ ያየሁት ገበሩ መቀየር እንዳለበት ነው።

የትምህርቱ ስም «ፋሽን፣ ሚዲያና ማኅበረሰብ» ነው። የምንማረው ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ነው። ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚጠጋኝ የለም፤ መምህሩም ቢሆን ታናሼ ይመስለኛል። ልጆቹ መጀመሪያ እርስዎ ሲሉኝ «እዚህ ተማሪ ነኝ፣ አንቺ በሉኝ» አልኳቸው። ሀጀር የምትባለው ወዲያው «እሺ ዕፄ» አለች። ዕፀገነት ብሎ ለመጨረስ ጊዜ የላቸውም።

ለምን ትማሪያለሽ ይሉኛል። ኦሎምፒያ አካባቢ ፎቅ ላይ የሙሽራ ልብስ ቤት አለኝ። ድሮ ሙሽራ ከእናቷ ጋር ትመጣና እናትየዋ ትመርጥ ነበር። አሁን ስልኳን ይዛ ትመጣለች፤ የምትፈልገው ስልኩ ውስጥ ያለውን ነው። ያ ነገር ከየት ተነሥቶ ስልኳ ውስጥ እንደገባ ካላወቅሁ ሁልጊዜ ከገበያው ኋላ ነኝ። ለዚህ ነው የምማረው።

መምህሩ የመስክ ማስታወሻ ያዙ ብሏል። የእሱን በሌላ ደብተር ይዣለሁ። ይሄኛው የራሴ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሁለት ሁለት ሆነን ልብስ በሰው ፊት ተገልጦ የሚታይበትን አንድ ሥርዓት እንድንቀርጽና እንድናጠና ታዘዝን። የግማሽ ውጤት ሥራ ነው። ሀጀር ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ መጣች።

«ዕፄ፣ የራሴን ጥሎሽ እናጥና።»

«ልታገቢ ነው እንዴ?»

«ጥር ላይ። ሙሽራ ሆኜ መቅረጽ ስለማልችል አንቺ ትቀርጫለሽ። እኔ አጥኚም ተጠኚም እሆናለሁ።» ሣቀች። «ዶክተሩ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።»

አባቷ ሐጂ አብዱልሰላም ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ገርጂ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ቁርሷን ሁልጊዜ ለሁለት ቆርሳ ነው የምትበላው፤ አጠገቧ ማንም ይቀመጥ ማን ግማሹ የእሱ ነው። ብልህ ልጅ ናት። ለምን የሚል ጥያቄ አትጠግብም። ወድጃታለሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

በማስታወቂያችን ላይ የሌለ አንድ ሥራ አለን። ጥሎሽ የሚያቀርብ ወንድ አቅም ሲያጥረው ሙሉ ሻንጣ እናከራየዋለን። ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ካባ። ሻንጣው በሽማግሌና በዘመድ ፊት ይከፈታል፣ እልል ይባላል፣ ይቀረጻል። ከሠርጉ በኋላ ባል «ልኩን እንዲያስተካክሉት ለሰፊ ልስጠው» ብሎ ይወስደውና ለእኛ ይመልሰዋል። ሰፊያችን እትዬ አሰገደች «ተመላሽ» ይሉታል። ሙሽራይቱ ልብሷ ሰፊ ዘንድ ያለ ይመስላታል። ከዚያ ኑሮ ይመጣል፣ ልጅ ይመጣል፣ ስለ ካባ የሚጠይቅ የለም። እስካሁን አንዲትም ሴት ጠይቃ አልመጣችም።

ከሰዓት ሙዘሚል የሚባል ልጅ መጣ። ከመገናኛ ገርጂ የራሱን ሚኒባስ ይነዳል። ለጥሎሽ ያስቀመጠውን ሁሉ የመኪናው ሞተር በላበት። ልብሱን በመዳፉ አልነካም፤ ግሪስ ያለበት መስሎት በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ አየው። አረንጓዴውን ከፈይ ካባ መረጠ፣ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈውን። ያ ካባ አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ አሰገደች አንድ ክረምት ሙሉ ሠርተውታል።

«ሠርጉ የት ነው?»

«ገርጂ፣ ሐጂ አብዱልሰላም ቤት።»

ካርዱ ላይ የሙሽራዋንም ስም እንጽፋለን፤ ሻንጣ ከሻንጣ እንዳይምታታ።

«ስሟ?»

«ሀጀር።»

ጻፍኩት። መታወቂያውን ለመያዣ ተቀበልኩ። ጥር 17 ወስዶ ጥር 19 ሰኞ ጠዋት ይመልሳል።

ሲወጣ እትዬ አሰገደች ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋዎቹ ናቸው የሚያሳዝኑኝ» አሉ።

«ጨዋ ከሆነ በቀኑ ይመልሳል» አልኳቸው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ሀጀር የእጮኛዋን ፎቶ አሳየችኝ። ራሱ ነው። ቆንጆ ነው አልኳት።

ደንበኛ አምኖ የነገረኝን አላወጣም። የአንዱን ካወጣሁ ነገ የትኛው ወንድ ደረጃዬን ይወጣል? ደግሞስ የማውቀው ምንድን ነው? አንድ ሰው ልብስ ተከራየ። እኔ የማከራየው ልብስ ነው፤ ቃል አላከራይም።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ገና ደርሷል። ዕቃው ከጉምሩክ አልወጣም። ሁለት ቬሎ ዚፕ ተበላሽቷል። ሀጀር ደወለች፣ ሱቅሽን ልይ አለች። ዕቃ እያራገፍን ነው፣ ቦታ የለም አልኳት። ከበዓሉ በኋላ አለች። እሺ አልኳት።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ክፍል ውስጥ ካሜራ ሥርዓትን እንዴት እንደሚለውጥ ተማርን። ዶክተሩ ብዙ አወራ፤ እኔ ግን በራሴ ሱቅ ያየሁት ነገር ነው። ስልክ እንዲህ ሳይበዛ ሻንጣ ሲከፈት ክዳኑ ወደ ሙሽራዋ እናት ነበር የሚዞረው። አሁን ወደሚቀርጸው ሰው ነው። እኔም ከላይ የማስቀምጠው በስልክ የሚያበራውን ጨርቅ ነው።

በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣን ሀጀር ድንገት «መህር ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«ባል ለሚስቱ የሚሰጣት ነው። የእሷ ብቻ ነው። አባቷ አይነካውም፣ ባሏም መልሶ አይወስደውም። በሽማግሌ ፊት ተጠርቶ፣ ምስክር ሰምቶት ነው ኒካሑ የሚታሰረው። አባዬ ወርቅ ይሁን ብሎ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ።»

«ለምን?»

«የአክስቴ ልጅ ጉድ ሆናለች። መህር ብሎ ያሰረላት ወርቅ የእህቱ ነበር፣ ውሶ ነው ያመጣው። በሳምንቱ እህትየው መጥታ ከአንገቷ ፈታችው። ቤቱም ያኔ ነው የፈረሰው። ስለዚህ ምን አልኩ መሰለሽ? ሻንጣውን። በጥሎሽ ቀን ይዞ የሚመጣው ሻንጣ ምንም ይሁን ምን እሱ ነው መህሬ። ወርቅ ሰው ይዋሳል፤ ሙሉ ሻንጣ ልብስ ማን ይዋሳል?»

ሻዬን አማሰልኩ። ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቶ ነበር።

«ለልጁ ነገርሽው?»

«ትናንት። ዝም አለ። ሲደሰት ቃል ያጥረዋል።»

«ወርቅ ይሻልሽ ነበር» አልኳት።

«ለምን?»

«ወርቅ አያረጅም።»

«ነጋዴ ነሽ፣ ዕፄ» ብላ ሣቀች። ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ።

ነገርኳት ማለት ይቻላል። ወርቅ ይሻላል ብያታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? በታክሲ ስመለስም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር የመጣሁት። ረዳቱ ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ አልሰማሁትም፤ ማውረጃዬን አለፍኩ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ሙዘሚልን አስጠራሁት። ሚኒባሱን ታች አቁሞ መጣ።

«ይህ ሻንጣ መህር ሊሆን ነው አሉ» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ማን ነገረዎት?»

«ሀጀር። አብረን ነው የምንማረው።»

«ዕፄ የምትላት እርስዎ ነዎት?» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ታወራለች።»

ብዙ ካሰበ በኋላ «ሻንጣውን ይሽጡልኝ። ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ። መኪናው ሥራ ጀምሯል። አልመልሰው፣ እሷ ጋ ይቅር» አለ።

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ካባው ለጥር 24 ተይዟል። ሰሚት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ፎቶውን አይተው ይሄኑ ካባ ብለው ነው የያዙት። ቤተሰቡ ትልቅ ነው፤ ሦስት እህቶች አሉ፣ ሦስቱም ቬሎ ከእኔ ሊወስዱ ነው።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አልኩት። «ሌላ ካባ ልስጥህ፣ ቀዩን። እሱን ልሸጥልህ እችላለሁ።»

«አረንጓዴውን በፎቶ አሳይቻታለሁ። ለዘመድ ሁሉ ልካዋለች።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገራት።»

«ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ። አሁን ብነግራት አባቷ ይሰማሉ። ሐጂን አያውቋቸውም፣ የተሰነጠቀ ብሎን የሸጠላቸውን ሰው ሰላምታ ከነሱት ስንት ዓመታቸው ነው።» ተነሣ። «ቢያንስ እርስዎ ሠርጉ ላይ አይምጡ። እባክዎ። ፊትዎን ካየሁ መናገር ያቅተኛል።»

«መቅረጽ አለብኝ። የግማሽ ውጤት ሥራ ነው።»

ሲወርድ የስፌት መኪናው ድምፅ መቆሙን ልብ አልኩ።

«ዕፅዬ፣ ለአንድ ቅዳሜ ብለሽ ነው?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ለቃሌ ነው።»

መልሰው መርገጥ ጀመሩ።

ጥር 11፣ እሁድ

ጥምቀት። መንገዱ ዝግ ነው፣ ሱቅ አልከፈትኩም። ለሀጀር መልእክት ጀመርኩ። «ስለ ሻንጣው አንድ ነገር ልንገርሽ» ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ቀጥሎ «ጥሎሹ ላይ ምን ልልበስ?» ብዬ ላክሁ። ወዲያው መለሰችልኝ፦ «እኔን እንዳትበልጪኝ እንጂ ያሻሽን።»

ሊነግራት የሚገባው እሱ ነው። ባሏ እሱ ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ሻንጣውን ወሰደ። ራሴ ነኝ ያደራጀሁት። ካባው ከላይ፣ ወርቀ ዘቦው ወደ ክዳኑ። ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ ፈረመ።

ጥር 18፣ እሁድ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገርጂ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ሐጂ አብዱልሰላም በር ላይ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ። «የልጄ ጓደኛ አንቺ ነሽ? ዕፄ?» አሉኝ። «ዕድሜሽን ሰምቼ ነበር፣ አላመንኳትም። ግቢ፣ የቤት ሰው ነሽ።» ሣሎን መግቢያው ላይ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም በሚታዩበት ቦታ አቆሙኝ። ሀጀር በሩ ገርበብ ያለ ክፍል ውስጥ ናት፤ ሁሉን ትሰማለች።

ሻንጣውን የሙዘሚል አጎት ከፈተው። ክዳኑ ወደ እኔ ዞረ። ካባውን ብድግ ሲያደርገው ሴቶቹ እልል አሉ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ሱቅ የወጣ ልብስ እንዲህ አምሮ አይቼ አላውቅም።

ኒካሑን የሚያስሩት ሼኽ መህሩን ሲጠይቁ ሐጂ ናቸው የተናገሩት።

«ልጄ ወርቅ አልፈለገችም። ይህን ሻንጣ ከነልብሱ መህሬ ነው ብላለች። እኔም ተስማምቻለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግን እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ፤ ዕቃ ስረከብ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ አልቀበልም።»

ሰዎቹ ሣቁ። «ሐጂ፣ ደረሰኝ ይቁረጥ እንዴ?» አለ አንዱ።

እሳቸው አልሣቁም። «ሙዘሚል፣ ልጄ፣ ይህ የራስህ ንብረት ነው? የሌላ ሰው እጅ የለበትም?»

ሙዘሚል ቀና አለ። ሐጂን አላየም። ያየው ወደ እኔ ነው። የጠበቅሁት ነበር። ፊቱ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ስለነበር ስልኩን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሬ መሐል አስገባሁት። አሁን ስጽፈው ነው ያንን ማድረጌ የገረመኝ።

«የራሴ ነው» አለ።

«ለልጄ ሰጥተሃታል?»

«ሰጥቻታለሁ።»

ከሐጂ ቀኝና ግራ ወደተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ሼኹ ዞሩ። «ምስክሮች፣ ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል።»

እኔም አብሬ ሰምተናል ልል ከንፈሬ ተላቅቆ ነበር።

ኋላ ሀጀር ያለችበት ክፍል ገባሁ። ካባውን ደርባ መስታወት ፊት ቆማለች። የአንገቱ መንጠቆ አልያዝላት ብሎ ዘመዶቿ ሁሉ ሞክረው ደክመዋል። ዘዴ አለው፤ ወደ ታች ጫን አድርጎ ወደ ግራ ነው። ሄጄ በአንድ ጊዜ ቆለፍኩላት።

«እንዴት አወቅሽው?» አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ።

«ነጋዴ ነኝ» አልኳት።

ጥር 19፣ ሰኞ

ሻንጣው ጠዋት ተመለሰ። ራሱ ይዞት መጣ። ለሰፊ ነው ብሏት ነው የወጣው። ነገርካት? አልኩት። ዛሬ ማታ አለ። መታወቂያውን መለስኩለት። ካባው በእትዬ አሰገደች እጅ ተተኮሰ። የሀጀር ሽቶ ሽታ አለበት፤ በረንዳ ላይ አንጠለጠልነው።

ጥር 22፣ ሐሙስ

አልነገራትም።

ሀጀር የሻንጣውን መከፈት ቆርጣ ቲክቶክ ላይ አውጥታው ነበር፤ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ዛሬ ከሥሩ አንዲት ሴት «ይሄን ካባ አምና የእህቴ ጥሎሽ ላይ አይቼዋለሁ፣ አትላስ አካባቢ ሆቴል» ብላ ጻፈች። ሀጀር ደወለችልኝ። መጀመሪያ እየሣቀች ነበር።

«ዕፄ፣ ይህቺ ሴትዮ ምን ነካት?»

«አንድ ዲዛይን ስንት ቦታ ይሰፋል መሰለሽ። ገበያው ሙሉ እሱ ነው።»

«እኔም እንዲያ ነው ያልኩት። ሙዘሚል ግን ቪዲዮውን አጥፊው ብሎ ተቆጣኝ። ተቆጥቶኝ አያውቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልብሱን የትኛው ሰፊ ጋ እንደሰጠው ስጠይቀውም ቦታ ይቀያይርብኛል። ቅድም ቦሌ ሚካኤል አለኝ፣ አሁን ሃያ ሁለት።»

«ሙሽራ ወንድ ግራ ይጋባል።»

«እንዲህ ነው እንዴ?»

«እንዲህ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ እትዬ አሰገደች «ያን ካባ የሰፋሁት አንዴ ብቻ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለጨርቁ እንደሚናገሩ ሁሉ።

እስከ ዛሬ ዝም ነበር ያልኩት። ዝምታና ውሸት ይለያያሉ። ዛሬ የተናገርኩት ግን ውሸት ነው፤ እዚህ ላይ ራሴን አላታልልም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ክፍል ቀረሁ። ሻንጣው ሰሚት ሄደ። እህቶቹ ሦስቱም ልክ ተለኩ። ጥሩ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ።

ጥር 25፣ እሁድ

ሥራችንን አቀረብን። ሀጀር የጫጉላ ሳምንቷን ሳትጨርስ ነው የመጣችው፤ እጇ ላይ ሂናው ገና አልለቀቀም። ጥሩ አድርጋ አስረዳች። ሻንጣ የሙሽራዋን ዋጋ ሳይሆን የሙሽራውን ስም እንደሚያሳይ፣ ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ስሙም ለማያውቁት ሰዎች እንደሚቀርብ ተናገረች። ከዚያ ቪዲዮው በትልቁ ስክሪን ወጣ።

የሐጂ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ዶክተር ኣምደሚካኤል እጁን አነሣ። «እዚህ ጋ አቁሙልኝ።»

የሙዘሚል ፊት ግድግዳውን ሞልቶ ቆመ።

«ጠያቂው በግራው ነው ያለው። እሱ የሚያየው ግን የት ነው?»

«ካሜራውን» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«እስቲ በደንብ እዩት። ካሜራ የሚያይ ሰው ፊቱን ያስተካክላል፣ አገጩን ያነሣል። ይህ ሰው ምንም አላስተካከለም። ካሜራውን የያዘውን ሰው ነው የሚያየው፤ ልናገር ወይስ አልናገር ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ከዚያ ደግሞ ተመልከቱ፣ ካሜራው ወደ እሱ ዞረ። መልስ እንደ መስጠት ነው።» ደስ ብሎታል፤ ጥሩ ምሳሌ አግኝቷል። «ማን ነበር የቀረጸው?»

«ዕፄ ናት» አለች ሀጀር። ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ፈገግታው ፊቷ ላይ ቆየ፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ ሄዷል። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊት አየች፣ እኔን አየች። እጇን ወደ አንገቷ ወሰደች፣ መንጠቆው የነበረበት ቦታ ላይ።

ከዚያ ዞራ የቀረውን እስከ መጨረሻ አስረዳች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ከክፍሉ ትልቁን ውጤት አገኘን። ስወጣ የለችም።

ጥር 26፣ ሰኞ

እንደምትመጣ አውቄ ነበር። ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ይህ የእርስዎ ሱቅ ነው?» አለች። እርስዎ አለችኝ።

«ግቢ፣ ሀጀር።»

«ካባዬ የታለ?»

«ሰፊ ጋ ነው።»

«የትኛው ሰፊ?»

እትዬ አሰገደች ከመኪናቸው ተነሡ። «ሰፊዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔ ጋ የለም።»

ሀጀር ወደ እኔ ዞረች። ከዚህ ወዲያ መሸፋፈኑ ጥቅም አልነበረውም። «ሰሚት ነው» አልኳት። «ዛሬ ይመለሳል።»

«ሌላ ሙሽራ ጋ?»

«አዎ።»

«ስሟ ማን ነው?»

«የደንበኛ ስም አልሰጥም።»

ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሁሉ። «የእኔን ስም መቼ ጻፉት?»

«ታኅሣሥ ላይ።»

«ስለ መህሬ የነገርኩዎት ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜ ያውቁ ነበር።»

«ወርቅ ይሻልሻል ብዬሽ ነበር።»

ይህን ስናገር ለራሴም ጆሮ ቀፈፈው። የሙሽራ እናቶች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች። ሁለት ደንበኞች ገብተው ወጡ። እትዬ አሰገደች ውኃ ሰጧት፤ ተቀበለች፣ አልጠጣችም። «ቤት ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋት። «ማንም አያውቅም» አለች።

አመሻሹ ላይ ከሰሚት አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ መጣ። እያመሰገነ «ሙሽራዋ ስታየው አለቀሰች» አለ። ሀጀር እሱ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ሻንጣውን መሬት ላይ ከፈተች፣ ካባውን አወጣችና አባያዋ ላይ ደረበችው። መንጠቆው አልያዘላትም። እጄን ዘረጋሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

አንገቱ ክፍት እንደሆነ ወረደች። አላስቆምኳትም። ንብረቱ የእኔ ነው፤ ላስቆማት እችል ነበር። በመስኮት ሳይ ከሥራ የሚወጣው ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያያታል። አንዳንዱ ስልኩን አንሥቷል።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ሙዘሚል መጣ። ሁለት ቀን ቤት አልገባችም። ስልኳ ዝግ ነው። እናቷ ጋ የለችም፣ ጓደኞቿ ጋ የለችም።

«እርስዎ ጋ መጥታ ነበር?»

«ሰኞ።»

«ምን አሏት?»

«የጠየቀችኝን።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሚኒባሱ መንገድ ዘግቶ ሰዎች ክላክስ ይነፋሉ፤ አልሰማም። «ማታ ማታ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት» አለ። «ራት ስታቀርብልኝ ነው የሚጠፋኝ።» ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሻይ ላስመጣለት አስቤ ሳላስመጣ ቀረሁ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

የሰሚቶቹ እህቶች ደወሉ። አንድ ካባ ለብሳ የምትሄድ ሴት ቪዲዮ አይተዋል። «የኛ ካባ አይደል ይሄ?» አሉ። እደውላለሁ አልኩ። አልደወልኩም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ትምህርት አልሄድኩም። ሱቅ ክፍት ነው፤ ሰው ግን የለም።

ረፋድ ላይ ሐጂ አብዱልሰላም መጡ። ደረጃው አድክሟቸዋል፤ ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪተነፍሱ ቆሙ። ወንበር አቀረብኩላቸው። እትዬ አሰገደች ተነሥተው ሰላም አሏቸው።

«ልጄ ትናንት አክስቷ ዘንድ ተገኘች» አሉ። «ደኅና ናት። ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ግን አትናገርም። የጥሎሿን ካባ ለብሳ ተቀምጣለች፤ አውልቂው ቢሏት እምቢ አለች። ባሏ ዘንድ ሂጂ ቢሏት፣ ‹ባል አለኝ ወይ ብላችሁ አባቴን ጠይቁት› አለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም። እኔ ምን አውቄ ነው የምጠየቀው?»

ስልኬን ከጠረጴዛው አነሣሁ።

«ያን ቀን የቀረጽሽው አለሽ?»

«አለኝ።»

«እስቲ አሳይኝ።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ፣ የሙዘሚልን ሰሙ፣ የምስክሮቹን ሰሙ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። በሁለተኛው ስክሪኑን ትተው ሱቁን ነው ያዩት፣ የተንጠለጠሉትን ቀሚሶች፣ ቀዩን ካባ፣ ጥጉ ላይ የተደረደሩትን ሻንጣዎች። ሁሉም አንድ ዓይነት ሻንጣዎች ናቸው። ከሀጀር ሻንጣ ጋር አንድ ዓይነት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እህት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስለ ልጁ አልጠይቅሽም፣ ስለ ራስሽም አልጠይቅሽም። ያ ሻንጣ ያን ቀን ንብረቱ ነበር?»

ከታኅሣሥ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስሸሸው ነው የከረምኩት። ሲመጣ ቀላል ነበር።

«አልነበረም» አልኳቸው።

ሐጂ በከዘራቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ። ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ኮታቸውን የቆለፉ፣ ኮፍያ ያደረጉ። አወቅኋቸው። ኒካሑ ላይ ከሐጂ ቀኝና ግራ የተቀመጡት ናቸው። አንደኛው እኔንም ያወቀኝ መሰለኝ፤ ስልክ ይዤ የቆምኩበትን ቦታ እንደሚያስታውስ ሁሉ እጄን አየው።

«እነዚህ ሰምተናል ብለው ነበር» አሉ ሐጂ። «በልጄ ላይ የተነገረውን ሰምተዋል። አሁን ደግሞ አንቺ የነገርሽኝን ይስሙ። ድገሚላቸው።»

ታች መንገድ ላይ ሰዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ፎቁ ላይ ያሉት ሱቆች በራቸው ሁሉ ክፍት ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ፎቶ ቤቱ፣ አበባ ሻጯ። ከመናገሬ በፊት በሩን ልዝጋ ብዬ ተነሣሁ።

«ተይው» አሉ ሐጂ። «ክፍት ይሁን።»